«ሉክ ፎርዋርድ ቱ»፦ የአንድ እንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግስ ትርጉምና አጠቃቀም

መግቢያ

የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር የተማሪዎቹን የደብዳቤ ልምምድ በሚያርምበት ጊዜ በመጨረሻው መስመር ላይ ደጋግሞ የሚያገኘው አንድ ስሕተት አለ። ተማሪው «መልስዎን በጉጉት እጠባበቃለሁ» ለማለት አስቦ «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብሎ ይጽፋል። መምህሩም «ሂር» የሚለውን በቀይ ቀለም ሰርዞ «ሂሪንግ» ይልበታል። በሚቀጥለው ልምምድ ያው ተማሪ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይመጣል፤ መምህሩም ያንኑ ቃል ይሰርዛል።

ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከግድየለሽነት የሚመጣ አይደለም። ተማሪው የሚከተለው አንድ ደንብ አለ፤ ስሕተቱም ደንቡ ከማይሠራበት ቦታ ላይ በመዋሉ የተፈጠረ ነው። ደንቡ ከየት እንደ መጣ ካልታወቀ ቀይ ቀለም ብቻውን አያርመውም። ይህ ጽሑፍ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» የተባለውን ሐረጋዊ ግስ ምሳሌ አድርጎ በመውሰድ፣ የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ በትርጉሙም ሆነ በአገባቡ ላይ የሚሰናከልባቸውን ቦታዎች ለማሳየትና ለመምህራን ጥቂት ሐሳቦችን ለማቅረብ ይሞክራል። የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ተጽፈዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የትምህርት መስጫ ቋንቋ እንዲሆን መደንገጉ ይታወሳል። ስለሆነም የአንድ ሐረግ አጠቃቀም ለእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ተማሪው ትምህርቱን ጨርሶ ለሥራ ወይም ለነጻ የትምህርት ዕድል በሚያመለክትበት ጊዜ፣ ፊቱን ከማያውቀው ሰው ዘንድ ቀድማው የምትደርሰው ያቺው ደብዳቤው ናት።

1. ሦስቱ ቃላትና አንዱ ትርጉም

«ሉክ» ማየት ወይም መመልከት ነው። «ፎርዋርድ» ወደ ፊት ማለት ነው። «ቱ» ደግሞ «ወደ» ወይም «ለ» የሚል መስተዋድድ ነው። ሦስቱ ተደምረው ግን «ወደ ፊት ማየት» የሚል ትርጉም አይሰጡም። ሐረጉ የሚለው፦ አንድ ሰው ይመጣል ብሎ የሚያምንበትን ደስ የሚያሰኝ ነገር በጉጉት ይጠባበቃል ነው። በዚህ ትርጉም ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። ነገሩ ገና ያልደረሰ መሆኑ፣ መድረሱ የማያጠራጥር ወይም ተስፋ የሚጣልበት መሆኑ፣ ተናጋሪውም አስቀድሞ ደስ የሚለው መሆኑ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሐረጉ ቦታውን ይስታል።

ከርክ፣ ግሪንባውም፣ ሊችና ስቫርትቪክ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ሰፊ የእንግሊዝኛ ሰዋስው እንዲህ ያለውን ግስ ከተራው ሐረጋዊ ግስ ለይተው ይመድቡታል። ከግሱ በኋላ አንድ ተውሳከ ግስ፣ ከዚያም ቀጥሎ አንድ መስተዋድድ ስለሚከተለው ሦስት አባላት አሉት። «ሉክ አፕ ቱ» እና «ሉክ ዳውን ኦን» የዚሁ ወገን ናቸው።

ተማሪውን ከሚያሳስቱት ነገሮች አንዱ የእነዚህ ዘመዶቹ ሁኔታ ነው። «ሉክ ዳውን ኦን» ቃል በቃል ቢተረጎም «ዝቅ አድርጎ ማየት» ይሆናል፤ አማርኛውም ለንቀት የሚጠቀመው ይህንኑ አነጋገር ስለሆነ ተማሪው ያለ ችግር ይረዳዋል። «ሉክ አፕ ቱ»ም «ከፍ አድርጎ ማየት» ከሚለው ብዙ አይርቅም። ተማሪው በእነዚህ ከተሳካለት በኋላ ያንኑ መንገድ ተከትሎ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ»ን «ወደፊት ማየት» ብሎ ቢተረጉመው አያስደንቅም። በአማርኛ ግን «ወደፊት የሚያይ ሰው» ስንል አርቆ አሳቢውን፣ ለነገ የሚያቅደውን ሰው ማለታችን ነው። ይህን ሐሳብ እንግሊዝኛ የሚገልጸው «ሉክ አሄድ» በሚለው ሌላ ሐረግ ነው። ስለዚህ «ወደፊት ማየት» የሚለው ትርጉም ጉጉቱንና ደስታውን ጥሎ ዕቅዱን ብቻ ይይዛል።

ከዚህም ሌላ «ፊት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ወገን አለው። «ወደፊት» ገና የሚመጣውን ጊዜ ሲያመለክት «ከዚህ በፊት» ያለፈውን ያመለክታል። «ኋላ»ም እንዲሁ ነው፤ «በኋላ እንገናኝ» ስንል ስለሚመጣው፣ «ወደ ኋላ መለስ ብለን ስናስታውስ» ስንል ስላለፈው መናገራችን ነው። በእንግሊዝኛ «ፎርዋርድ» ከ«ሉክ» ጋር ሲገባ የሚያመለክተው የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ያለፈውን ለማስታወስ «ሉክ ባክ ኦን» የሚል ተቃራኒ ሐረግ አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማስተማር አንዱ ሌላውን እንዲያብራራ ያደርጋል።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠቀምበት የሚችል አንድ የአማርኛ አነጋገር አለ። እናት ከሩቅ የሚመጣ ልጇን ስትጠባበቅ «መንገድ መንገዱን ታያለች» ይባላል። አማርኛም ስለ ጉጉት ለመናገር ማየትን እንደሚጠቀም ይህ ያሳያል። ልዩነቱ እንግሊዝኛው የሚያየው ጊዜን ሲሆን የእኛው መንገዱን መሆኑ ነው። በተጨማሪም መንገድ መንገዱን የሚያይ ሰው ሥጋትም ሊኖርበት ይችላል፤ በ«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ውስጥ ግን ሥጋት የለም። ይህ ልዩነት ከተነገረው፣ ተማሪው «ሉክ» ስለ መጠባበቅ በሚናገር ሐረግ ውስጥ ለምን እንደ ገባ ከገዛ ቋንቋው ይረዳዋል።

2. «መጠበቅ» የሚለው ሰፊ ቃል

ሁለተኛው መሰናክል የአማርኛው «ጠበቀ» ስፋት ነው። «ልጁን ጠብቂልኝ» ሲባል መንከባከብና መቆጣጠር ነው፤ እንግሊዝኛው «ሉክ አፍተር» ይላል። «ጥግ ላይ ጠብቀኝ» ሲባል ባሉበት መቆየት ነው፤ «ዌይት ፎር» ይላል። «ነገ ይመጣል ብዬ እጠብቃለሁ» ሲባል መገመት ነው፤ «ኤክስፔክት» ይላል። «በዓሉን በጉጉት እጠብቃለሁ» ሲባል ብቻ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ይሆናል። አማርኛ በአንድ ግስ የሚሸፍነውን እንግሊዝኛ ለአራት ከፍሎታል። ተማሪው አንዱን ቃል ይዞ ከአራቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ምርጫውን የሚወስነው ግን በአማርኛው ግስ ላይ ሳይሆን በሁኔታው ላይ ነው።

በአውቶቡስ ማቆሚያ የቆመ ሰው አውቶቡሱን «ዌይት ፎር» ያደርጋል፤ በየቀኑ ወደ ሥራው የሚያደርሰውን አውቶቡስ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ያደርጋል ቢባል ሰሚው ፈገግ ይላል። ደመናውን አይቶ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል ብሎ የሚገምት ሰው ዝናቡን «ኤክስፔክት» ያደርጋል፤ ቢፈልገውም ባይፈልገውም ለውጥ የለውም። መሬቱን አርሶ፣ ዘሩን አዘጋጅቶ የክረምቱን መግቢያ በተስፋ የሚናፍቅ ገበሬ ግን ዝናቡን «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ያደርጋል። ሦስቱም በአማርኛ «እጠብቃለሁ» ሊሉ ይችላሉ።

«ሆፕ» የሚለውም ከዚህ ጋር ሊነጻጸር ይገባል። ተስፋ የሚያደርግ ሰው ነገሩ መሆኑን እርግጠኛ አይደለም። «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» የሚል ግን ነገሩ እንደሚሆን አምኖ ነው። ስለዚህ ፈተናውን ማለፉን ያላረጋገጠ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት «ሆፕ» ያደርጋል፤ ተመድቦ ስሙ ከተለጠፈ በኋላ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ሊል ይችላል። እንዲሁም «መናፈቅ» ምንም እንኳ የሚቀርብ ቃል ቢሆን፣ «ናፍቀኸኛል» ስንል የምንናገረው ስለ ሰውየው አለመኖር ነው እንጂ ስለ መምጣቱ አይደለም። ስለሆነም ለሐረጉ ከሁሉ የሚስማማው «በጉጉት መጠባበቅ» የሚለው ነው።

ደስታው የሐረጉ ክፍል መሆኑ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን በአሉታው ነው። አንድ እንግሊዛዊ «አይ አም ኖት ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ዚ ኤግዛሚኔሽን» ቢል ፈተናውን አልጠብቅም ወይም ፈተና መኖሩን አላውቅም ማለቱ አይደለም። ፈተናው እንደሚመጣ በሚገባ ያውቃል፤ የሚለው ነገር «ሳስበው ይከብደኛል» ነው። አሉታው መጠበቁን ትቶ ደስታውን ብቻ ይነካል። ይህን ያልተረዳ ተማሪ በአንብቦ መረዳት ጥያቄ ላይ የምንባቡን ባለታሪክ ስሜት በተቃራኒው ሊወስደው ይችላል። ጥፋቱ የአንድ ነጥብ ብቻ አይሆንም፤ የታሪኩ ሐሳብ በሙሉ ያመልጠዋል።

3. ከ«ቱ» ቀጥሎ የሚመጣው

አሁን በመግቢያው ወደተነሣው ስሕተት እንመለስ። ተማሪው ከ«ቱ» በኋላ ባዶውን ግስ የሚያስገባው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ራሳችን ያስተማርነው ደንብ ነው። በታችኞቹ ክፍሎች «ዎንት ቱ ጎ»፣ «ላይክ ቱ ፕሌይ» የሚሉትን ስናስተምር «ከ‹ቱ› በኋላ ግሱ ያለ ምንም ጭማሪ ይገባል» ብለናል። ተማሪው ደንቡን በሚገባ ይዞታል። እንግሊዝኛ ሁለት «ቱ» እንዳለው ግን አልተነገረውም።

የመጀመሪያው «ቱ» የግስ ምልክት ነው፤ «ቱ ጎ» መሄድ፣ «ቱ ፕሌይ» መጫወት። ሁለተኛው እውነተኛ መስተዋድድ ነው፤ «ቱ ስኩል» ወደ ትምህርት ቤት። ሁለቱ በጥንታዊው እንግሊዝኛ አንድ መስተዋድድ ነበሩ፤ የግስ ምልክቱ የወጣው ከመስተዋድዱ ነው። በጊዜ ብዛት ግን ሥራቸው ተለያይቷል። በ«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ውስጥ ያለው መስተዋድዱ ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ መስተዋድድን ተከትሎ ግስ እንዲገባ ሲፈለግ በጠቅላላው በ«ኢንግ» የሚጨርሰው የግስ ስም ይገባል። ከ«አባውት»፣ ከ«ፍሮም»፣ ከ«ዊዝአውት» በኋላ ተማሪው ይህን ያለ ብዙ ችግር ያደርገዋል። በ«ቱ» ላይ ብቻ የሚሳሳተው የቀድሞው ደንብ ስለሚቀድመው ነው።

የአማርኛ ሰዋስውም በዚህ ላይ ድርሻ አለው። በ«መ» የሚጀምረው የአማርኛ ንኡስ አንቀጽ፣ ማለት «መሄድ»፣ «መስማት»፣ «መምጣት»፣ ግስነቱን ሳይለቅ ስም ሆኖ ይሠራል። «ለመስማት»፣ «በመስማት»፣ «ከመስማት» እያልን መስተዋድዱን ሁሉ በአንድ መልክ ላይ እንቀጥላለን። «መሄድ እፈልጋለሁ» ስንልም «መሄድህን እጠባበቃለሁ» ስንልም ቃሉ ያው ነው። እንግሊዝኛ ግን ይህን አንዱን ስም ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ቦታ «ቱ ሂር»፣ በሌላው ቦታ «ሂሪንግ» ይላል። ስለዚህ ተማሪው በአማርኛው ላይ ቢያስብ ከሁለቱ የትኛውን መምረጥ እንዳለበት አማርኛው አይነግረውም። መምህሩ ይህን በግልጽ ቢናገር ተማሪው የተሳሳተበትን ምክንያት ያውቃል።

ምርጫው በእንግሊዝኛው ውስጥ ባለ መፈተኛ መደረግ አለበት። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከ«ቱ» በኋላ በግሱ ፈንታ «ኢት» የሚለውን ተውላጠ ስም ማስገባት ነው። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት» ትክክል ነው፤ ስለዚህ «ቱ» መስተዋድድ ነው፤ ግሱም በ«ኢንግ» ይገባል። «አይ ዎንት ቱ ኢት» አይባልም፤ ስለዚህ «ቱ» የግስ ምልክት ነው፤ ባዶው ግስ ይገባል። ይህ መፈተኛ ከአንድ ሐረግ በላይ ያገለግላል። «አይ አም ዩዝድ ቱ ኢት» ማለት ለምጄዋለሁ ነው፤ ትክክል ስለሆነ «አይ አም ዩዝድ ቱ ወርኪንግ አት ናይት» ይባላል። «አይ ዩዝድ ቱ ኢት» ግን አይባልም፤ ስለዚህ «አይ ዩዝድ ቱ ወርክ አት ናይት»፣ ማለት ድሮ ሌሊት እሠራ ነበር፣ በባዶው ግስ ይገባል። «ኦብጄክት ቱ» የሚለውም በዚሁ ይፈተናል።

አማርኛው በምርጫው ባይረዳም በሌላ በኩል ይረዳል። «መምጣትህን በጉጉት እጠባበቃለሁ» የሚለው በእንግሊዝኛ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ካሚንግ» ይሆናል። በ«መምጣትህ» ላይ ያለው ባለቤትን የሚያመለክተው «‑ህ» ከ«ዩር» ጋር፣ «መምጣት» ከ«ካሚንግ» ጋር ይገጥማል። ብዙዎች አስቸጋሪ የሚሉት የእንግሊዝኛ አገባብ ለአማርኛ ተናጋሪ የገዛ ቤቱ ነው። በንግግር ጊዜ «ዩር» በሚለው ፈንታ «ዩ» መባሉንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሌሎች ሁለት ስሕተቶችን በአጭሩ እንጥቀስ። አንደኛው «ቱ»ን መጣል ነው። «በጉጉት የምጠባበቀው ቀን» በሚለው የአማርኛ አነጋገር ውስጥ መስተዋድድ ስለሌለ ተማሪው «ዘ ዴይ አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ» ብሎ ያቆማል፤ መጨረሻው ላይ «ቱ» መኖር አለበት። ሁለተኛው የፊደል ስሕተት ነው። በመጻሕፍት መጀመሪያ የሚገኘው መቅድም የሚጠራበት የእንግሊዝኛ ቃል በአነባበብ ከ«ፎርዋርድ» ጋር ስለሚቀራረብ ተማሪዎች አንዱን በሌላው ቦታ ይጽፋሉ። ሁለቱን በሰሌዳ ላይ አስተያይቶ መጻፍ ይበቃል።

4. በደብዳቤ ውስጥ ያለው ሚና

ሐረጉ ከሁሉ ይልቅ የሚዘወተረው በደብዳቤ መዝጊያ ላይ ነው። በዚህ ቦታ ደስታው ሳስቶ ትሕትና ይሆናል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «ዊ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ» ብሎ ሲጨርስ ጸሐፊው በጉጉት እንቅልፍ አጥቷል ማለት አይደለም፤ «መልስ እንደሚሰጡን እናምናለን፤ እንጠባበቃለን» ብሎ በአክብሮት ማሳሰቡ ነው። አቤቱታ የያዘ ደብዳቤ እንኳ በዚሁ ሐረግ ሊዘጋ ይችላል።

አሁን አንድ ተማሪ «መልስዎን እጠብቃለሁ» የሚለውን በሌሎቹ ቃላት ቢተረጉመው ምን እንደሚሆን እንመልከት። «አይ ኤክስፔክት ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ቢል ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የበላይ የበታቹን እንደሚያዝ ያስመስልበታል። «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ዩር ሪፕላይ» ቢልም ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ትዕግሥቱ ያለቀበት ሰው ግን ይመስላል። ከአማርኛው ሲነሣ ሁለቱም ትሑት ነበሩ። ሥራ ፈላጊው ወጣት ሳያውቀው ደፋር ወይም ቁጡ ሆኖ ይቀርባል፤ ደብዳቤውን የሚያነበውም ሰው ስሕተቱ የቋንቋ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። የሰዋስው ስሕተት በአንባቢ ዘንድ እንደ ሰዋስው ስሕተት ይታያል፤ የአክብሮት ስሕተት ግን እንደ ጠባይ ስሕተት ይቈጠራል።

ስለ ጊዜውም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ» የሚለው ለመሥሪያ ቤትና ለማያውቁት ሰው ይስማማል። «አይ አም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ» የሚለው ቀረብ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ ለወዳጅና ለዘመድ ይመረጣል። በአማርኛ «መልስዎን በአክብሮት እጠባበቃለሁ» እና «መልስህን በናፍቆት እጠብቃለሁ» ከምንለው ልዩነት ጋር ቢነጻጸር ለተማሪው ግልጽ ይሆናል።

5. ለክፍል ሥራ የሚሆኑ ሐሳቦች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት ለመምህራን የሚከተለው ቅደም ተከተል ይቀርባል።

ሀ) ትርጉሙን በሁኔታ ማስያዝ። መምህሩ አውቶቡስ የሚጠብቅ፣ ዝናብ የሚገምት፣ ከሩቅ አገር የሚመለስ ወንድሙን የሚጠባበቅ፣ ሕፃን የሚጠብቅ ሰው እያለ ሁኔታዎችን በአማርኛ ይናገራል። ተማሪዎች ለእያንዳንዱ የሚስማማውን እንግሊዝኛ ይመርጣሉ፤ የመረጡበትንም ምክንያት ይናገራሉ። የእናት ቋንቋቸው አማርኛ ያልሆነ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ይኸው ንጽጽር በየቋንቋቸው ቢደረግ ይበልጥ ይጠቅማል።

ለ) መፈተኛውን ማለማመድ። ባለ «ቱ» ዓረፍተ ነገሮች በሰሌዳ ላይ ተጽፈው ተማሪዎች «ኢት»ን እያስገቡ ሁለቱን «ቱ» ይለያሉ። መምህሩ መልሱን ከመናገር ይልቅ «በመፈተኛው ሞክሩት» ማለት ይገባዋል።

ሐ) በእውነተኛ ጽሑፍ ላይ ማዋል። ተማሪዎች ሁለት ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ አንዱ ለመሥሪያ ቤት፣ ሌላው ለጓደኛ። በሁለቱም መዝጊያ ላይ ሐረጉ በየወጉ ይገባል።

መ) ሲያርሙ ምክንያቱን ማስፈለግ። መምህሩ ትክክለኛውን ቃል ከላይ ከመጻፍ ይልቅ «ቱ»ን ቢያሰምርበትና ተማሪው ራሱ እንዲያርመው ቢመልስለት ስሕተቱ የመደገም ዕድሉ ይቀንሳል።

6. መደምደሚያ

ሐረጋዊ ግሶች በመማሪያ መጻሕፍት መጨረሻ በረድፍ ተደርድረው፣ በአጠገባቸው አንድ አንድ ትርጉም ተሰጥቷቸው መቅረባቸው የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ዝርዝር ለማስታወሻ ይረዳ እንደሆነ እንጂ ለትምህርት አይበቃም። ከአንድ ሐረግ ጀርባ የትርጉም፣ የአገባብና የአክብሮት ጥያቄ እንዳለ ከዚህ በላይ ታይቷል። በመሆኑም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና አቃጆች ሐረጎቹን በቁጥር ከማብዛት ይልቅ ጥቂቶቹን መርጠው ከሚውሉበት ቦታ ጋር ቢያስተሳስሯቸው፣ ለምሳሌ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ»ን ከደብዳቤ አጻጻፍ ጋር ቢያስተምሩት፣ በተከታዮቹ ክፍሎችም መልሰው ቢያነሡት የተሻለ ፍሬ ይገኝበታል። የፈተና አዘጋጆችም ባዶ ቦታ ከማስሞላት አልፈው፣ የተናጋሪውን ስሜት የሚጠይቅ ጥያቄ ቢያወጡ መልካም ነው።

መምህሩ ደግሞ ከሁሉ የሚቀርብ መሣሪያ በእጁ አለ፤ ይኸውም እርሱና ተማሪው በጋራ የሚያውቁት የገዛ ቋንቋቸው ነው። ተማሪው የሚሳሳተው ከአማርኛው ሲነሣ ነው፤ የሚታረመውም አማርኛው እስከ የት እንደሚያደርሰውና ከየት ላይ እንደሚተወው ሲያውቅ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ በደብዳቤው መጨረሻ ላይ «ሂሪንግ» ብሎ የሚጽፈው ቀይ ቀለም ፈርቶ ሳይሆን ምክንያቱን ስላወቀ ይሆናል።